የእናቴ ደወልና ትንሿ አንቴና

የብየዳ ጭስ የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ እንደ ሙጫ፣ ትንሽ እንደ ተቃጠለ ስኳር። ዛሬ ጠዋት ቢሮዬ ውስጥ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የበር ደወል ፈትቶ ሲበይድ ሽታው አፍንጫዬ ገባና የያዝኩትን ሥራ አስጣለኝ። ደወሉ ገመድ የለውም። ቁልፉ እዚህ ሲጫን ሳጥኑ እዚያ ይጮኻል፤ በመካከላቸው ያለው የሬዲዮ ሞገድ ብቻ ነው። ወጣቱ ኃይሉ ስንት እንደሆነ ሳጥኑ ላይ ተጽፎ ሳለ እንደገና መለካቱ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ። ሳጥን ላይ የተጻፈውን አምነን ልደታ ላይ ያየነውን ጉድ ከየት ይወቀው? ቁጭ በል ብዬ ነገርኩት። ለእናንተም ያንኑ ልንገራችሁ።

ያኔ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ እንኖር ነበር። የድሮው ሰፈራችን ፈርሶ ግማሹ ጎረቤት ከእኛ ጋር ፎቅ ደርሶት ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ወደ አብነትና ወደ ጠመንጃ ያዥ ተበትኗል። ቤቱ ይፍረስ እንጂ እድሩ አልፈረሰም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰው የሚያስተኛው ትልልቅ ድስት ሁሉ ተጭኖ መጥቶ በብሎኮቹ መካከል ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተከማችቶ ነበር። አብሮን ያልመጣው የጡሩምባው ድምፅ ነው።

በድሮው ሰፈር የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጎህ ሲቀድ አንድ ጊዜ ከነፋ ያልሰማ ጭቃ ግድግዳ አልነበረም። ፎቆቹ መካከል ግን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ከየት እንደመጣ እንኳ አይለይም። ሰውዬውም ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር። አብነት ነፍተው እስኪመለሱ ፀሐይ ትወጣለች፤ ጠመንጃ ያዥ ሳይደርሱ ቀብር ይነሳል። ስልክ ምን ሠራ ትሉኝ ይሆናል። የእድራችን ሽማግሌዎች መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ቁርጥ አድርገው ነበር። ደግሞስ ስልክ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ያስከትላል፤ ማን መጀመሪያ ተደወለለት፣ ማን መጨረሻ ተባለ የሚል ኩርፊያ ከለቅሶው በላይ ይከብዳል። ጡሩምባ ግን ለሁሉም እኩል ነው።

እናቴ አንድ ቀብር ያመለጣትም በዚያው ጣጣ ነው። የድሮ ቤታችንን ግድግዳ የሚጋሩን አንዲት ሴት ነበሩ። ከእናቴ ጋር በግድግዳው ቀዳዳ ክብሪት እየተቀባበሉ፣ አንዷ ስትወልድ አንዷ ገንፎ እያገነፋች ዕድሜ የቆጠሩ ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ጠመንጃ ያዥ ገቡ። ሲያርፉ እናቴ ከደጃችን ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር። ጡሩምባው በዚያ ጠዋት እኛ ብሎክ አልደረሰም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸው ላይ የመቃብር አፈር ይዘው ሲመለሱ ነው ያየችው። ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ሲነግሯት ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለወራት፣ ወጥ እየወጠወጠችም ቢሆን፣ ልብስ እያጠበችም ቢሆን፣ ድንገት እጇን ታቆምና "እኔ እኮ ምስር እለቅም ነበር" ትላለች። የምትለው ያችን ብቻ ነው። ማንንም አትወቅስም። እኔን ግን ከማንኛውም ወቀሳ በላይ ያቺ ቃል ታቆስለኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ደወሉን የጀመርኩት። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንድ ማሰራጫ እድሩ ዘንድ ይቀመጣል፣ በየአባሉ ቤት አንድ መቀበያ ሳጥን ይሰቀላል፤ ጡሩምባ ነፊው ማሰራጫውን የሚያስነሳውን ትንሽ ገመድ አልባ ቁልፍ ሲጫኑ ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ ሰውም ወጥቶ ማን እንዳረፈ ይጠይቃል። ከማን ቀድሞ ለማን የሚል ነገር የለም። እቃውን እድሩ ገዛ፤ እኔ የክረምቱን ዕረፍት በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሬ በየድኩት። ቤታችን በዚያ ጭስ ሽታ ታጠነ። እናቴ በሩን እየከፈተች ሳንባሽን ጨረስሽው እያለች ትቆጣኝ ነበር፤ ግን ማታ ማታ የተሠሩትን ሳጥኖች በጨርቅ ስትወለውል አያታለሁ።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ፍርድ ቤት ያላገኙትን ዳኝነት በእድሩ ተክሰዋል፤ ስብሰባ ሲመሩ መዶሻ ብቻ ነው የሚጎድላቸው። ደወሎቹን ሲያዩ ደስ አላቸውና ሁለት ነገር ወሰኑ። አንደኛ፣ አንቴናው ለእድሩ ክብር የሚመጥን መሆን አለበት ብለው ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ አንቴና ከመርካቶ በትከሻ አስመጡ። የሚቆምበት ስላጣን የድንኳኑ የመሐል ምሰሶ ይሁን ተባለ። ምሰሶው ጣሪያ ላይ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ታሰረ፣ አንቴናው ከጫፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከአብነት ሳይቀር ይታይ ነበር። የሌላ እድር ሰዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው ሲያዩት ዳኛው በረንዳቸው ላይ ቆመው ያዩዋቸዋል። ሁለተኛ፣ የሬዲዮ ሞገድ ከሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ይየው አሉ። "ፍርድ ቤት ሥር እየኖርን ሕገ ወጥ ነገር ከጣሪያችን ላይ አይሰቀልም" ነበር ቃላቸው።

መጀመሪያ እኛው ሞከርነው። ጡሩምባ ነፊው ለባብሰው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ጣታቸውን እንደ ታቦት ተሸካሚ በጥንቃቄ ቁልፉ ላይ አሳረፉ። ከአብነት ጮኸ የሚል መልእክት መጣ። ከጠመንጃ ያዥም ጮኸ ተባለ። ዳኛው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። እኔ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወርጄ ቤት ስገባ እናቴ ሳጥኗን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸም። እንደገና አስጫንኩ፤ አልጮኸም። ሳጥኗን ከጎረቤት ሳጥን ጋር ቀየርኩ፤ አዲሱም አልጮኸም። ከአንቴናው እግር ሥር ባለው ግቢ ዙሪያ የሚኖር የግራውንድ ሰው ሁሉ ሳጥኑ ዝም ብሏል። እናቴ "ምናልባት ለእኔ እንዲነገር አልተፈቀደ ይሆናል" አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ያን ፈገግታዋን አልወደድኩትም፤ ዛሬም ሳስታውሰው አልወደውም።

በማግሥቱ ተቆጣጣሪው መጣ። ትሑት፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያበዛ ወጣት ነበር። መለኪያውን ከግቢው ወጣ ብሎ አቁሞ፣ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ አስጫነና ራሱን ነቀነቀ። ያለ ፈቃድ ለሚሠሩ እንዲህ ላሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ከተፈቀደው ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ እየወጣ ነው አለን። ዳኛው የማሰራጫውን ሳጥን አንስተው አሳዩት፤ የተጻፈው ልክ የተፈቀደው ያህል ነበርና። ተቆጣጣሪው በትሕትና፣ ሕጉ የሚጠይቀው ከሳጥኑ የሚወጣውን ሳይሆን ከአንቴናው ተረጭቶ አየር ላይ የሚወጣውን ነው ብሎ አስረዳቸው። ቅዳሜ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ያኔ ካልተስተካከለ ደወሎቹ እንደሚነቀሉ ነገረንና ሄደ።

ዳኛው ልደታ ፍርድ ቤት ተከሰው የቆሙ መሰላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበሉም አሉ። እኔ ግን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ የሚጮኽ ነገር እንዴት ከሥሩ ላለች እናቴ አይሰማትም?

መልሱ የመጣው ውሃ በመጣበት ቀን ነው። እናቴ ደጃችን ላይ በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ በሶብላና ጤና አዳም ትተክል ነበር። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይሯሯጣል። የውሃ ጎማውን ያዝኩና በአውራ ጣቴ አፉን ጫን አልኩት። ውሃው ተፈትልኮ ግቢውን አቋርጦ የማዶውን ብሎክ ደረጃ ማጠብ ጀመረ። ፀሐይዋ ውሃው ውስጥ ታበራ ነበር። እኔም የልጅነቴ መጥቶብኝ ስቄአለሁ።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ሩቁን አጠጥተሽ እግርሽ ሥር ያለውን አስጠማሽው እኮ" አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። በሶብላው ደርቆ ቅጠሉን ጥሏል። ጎማውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አውራ ጣቴን ሳነሳው ውሃው ከእግሬ ሥር ፈሰሰ፤ ስጫነው ሩቅ ሄደ። ውሃው ግን ያው ነው፤ ጣቴ ጠብታ አልጨመረበትም። ጎማውን ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ውሃው እየፈሰሰ ነው ብላ ስትጮኽብኝ እንኳ አልተመለስኩም።

አንቴና ኃይል አይፈጥርም። ያለውን ሰብስቦ ወደ አንድ ወገን ይወረውራል። የዳኛው ረጅም አንቴና የማሰራጫውን ኃይል ጨምቆ ወደ አድማስ፣ ወደ አብነት ሲወረውረው፣ በዚያ አቅጣጫ ከተፈቀደው በላይ ሆነ፤ ከሥሩ ላለው ደግሞ ምንም አላስቀረለትም። ሁለቱ ችግራችን አንድ ነበር። ወረቀት ስቤ ደመርኩ። ማሰራጫው ዲሲቤል በሚባለው የባለሙያዎች የኃይል መለኪያ አስር ያወጣል። አንቴናው ስድስት ይጨምራል፣ ገመዱ አንድ ይበላል፤ አስራ አምስት። የተፈቀደው አስር ነው። አምስት ብልጫ ከአፍ ሲወጣ ትንሽ ይመስላል፤ በዚህ አቆጣጠር ግን ሦስት በተጨመረ ቁጥር ኃይሉ እጥፍ ይሆናልና አምስት ሲጨመር ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ተቆጣጣሪው ያለው እሱን ነበር።

ከዚያ የስንዝር ያህል ከምትሆነው፣ እኔ መጀመሪያ ካሰብኳትና ዳኛው ጠጉር መሰለች ብለው ከናቋት አንቴና ጋር ደመርኩ። እሷ የምትጨምረው ሁለት ብቻ ነው፤ ኃይሉንም ወደ ላይም ወደ ታችም ዘርጋ አድርጋ ትበትነዋለች። በወፍራሙ ገመድ አስራ አንድ መጣ፤ አሁንም በአንድ አለፈ። ጥፍሬን እየበላሁ ትንሽ ቆየሁና ከአልጋ ሥር የተጣለው ቀጭኑ የዲሽ ገመድ ትዝ አለኝ። ያ ገመድ ኃይል ይበላል ብዬ የጣልኩት ነው። ይብላ። ሁለት ሲጨመር፣ ሦስት ሲበላ፣ ዘጠኝ። ሰው ሌባ ይቀጥራል? እኔ ቀጠርኩ። ወረቀቱን ይዤ ለእናቴ ሳሳያት ቁጥሩን አላየችም፤ ፊቴን አየችና "አገኘሽው?" አለች።

ዳኛው ግን አይሆንም አሉ። ስሌቱን ሳስረዳቸው በደንብ ሰምተውኛል፤ ምን እንደምል ገብቷቸዋልም። ነገር ግን አንቴናው ከወረደ የአብነት ሰዎች ምን ይላሉ? የእድራቸው ክብር በስንዝር ሽቦ ሊለካ ነው? ከዚህ ይልቅ ተቆጣጣሪውን በሽማግሌ እናናግረው አሉ። እኔም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን እየነገሩ ያሳደጉኝ እሳቸው መሆናቸውን አስታወስኳቸው።  አንቴናው ግን አልወረደም።

ቅዳሜ ጠዋት ተቆጣጣሪውን ስንጠብቅ ከማዶው ብሎክ አራተኛ ፎቅ ልቅሶ ተሰማ። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የቆዩ አዛውንት አርፈው ነበር። የእድሩ ንብረት ኃላፊ ሴት፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው የሚሠሩ ኮስታራ ሴት፣ ጣሪያ ላይ ወጥተው ምሰሶውን መፍታት ጀመሩ። ዳኛው ከሥር ሆነው አንቴናው እኮ፣ ሰው እየመጣ እኮ እያሉ ይለምኗቸዋል። ሴትየዋ ቀና ሳይሉ "ድንኳን ያለ ምሰሶ አይቆምም፤ ለቀስተኛ ከአንቴና ሥር አይቀመጥም" አሏቸው። ማሰብ ነበረብን። ደወሉ የሚያስፈልገው ሰው ሲሞት ነው፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ምሰሶው ለድንኳን ይፈለጋል። ክረምቱን በሙሉ የአንዳችንም ሐሳብ ውስጥ አልገባም። ያ ትልቅ አንቴና ከታንከሩ አጠገብ ተጋደመ፤ ከአስከሬኑ ቀድሞ የተዘረጋ እሱ ነው።

ጡሩምባ ነፊው ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አሁን በምን ልናገር?" አሉኝ።  ዳኛውን አየኋቸው። ዳኛው ጣሪያውን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ከዚያ አንገታቸውን ሰበር አድርገው በእጃቸው ወደ ላይ ጠቆሙኝ። ትንሿን አንቴና በኪሴ፣ የዲሽ ገመዱን በትከሻዬ አድርጌ ወጣሁ። የማስርበት ስላልነበረኝ ንብረት ኃላፊዋ ከድንኳኑ ትርፍ ገመድ ቆርጠው ሰጡኝ። ከታንከሩ ብረት ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ አሰርኳት። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከታች የሴቶቹ ልቅሶ፣ ከወዲያ የልደታ ማርያም ደወል ይሰማኛል። ገመዱን ከማሰራጫው ጋር አገናኝቼ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ስወርድ ተቆጣጣሪው መለኪያውን አቁሞ ደርሷል። ለቅሶ መሆኑን ሲያውቅ ሌላ ቀን ልምጣ ብሎ ነበር፤ ዳኛው ግን ዛሬ ይለካ አሉት። እኔንም ስንት ይሆናል ብዬ እንደማስብ ጠየቀኝ። ዘጠኝ አልኩት። ጡሩምባ ነፊው ቁልፉን ተጫኑ።

ግቢው ውስጥ ካለው መስኮት ሁሉ ጮኸ። ከግራውንዱ፣ ከመጀመሪያው ፎቅ፣ ከማዶው ብሎክ፣ ከልብስ ማስጫው ጀርባ። አንድ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ዳኛው ስልካቸው ሲጠራ አነሱትና አብነት መጮኹን ሰሙ፤ ጠመንጃ ያዥም። ተቆጣጣሪው ከመለኪያው ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ትንሽ አሰላ፤ ርቀቱን ቀነሰ፣ ደመረ።

"ዘጠኝ ብለሻል፤ ከዘጠኝ ጥቂት ቢያንስ ነው። አልፏል" አለኝ።

እልል ማለት አይቻል፣ ማጨብጨብ አይቻል። ሰው ሞቷል። በሕይወቴ ካሸነፍኳቸው ድሎች ሁሉ የምኮራበትን ድል አንገቴን ደፍቼ፣ ከንፈሬን ነክሼ ተቀበልኩት። ዳኛው የሐዘን ፊት ለመያዝ ቢታገሉም ጥርሳቸው እምቢ አላቸው፤ ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ። ንብረት ኃላፊዋ ምሰሶውን እያቆሙ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ጡሩምባ ነፊው ደግሞ ቁልፉን እያገላበጡ ያዩት ነበር፤ ከዚያ በመሐረብ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ከቤቶቹ በር ሁሉ መጀመሪያ የተከፈተው የእኛ ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ወጣች፤ አንድ እጇ ጭብጥ እንዳለ ነበር። አጠገቤ ስትደርስ ጭብጧን ከፈተችና ምስሩን አየችው። ማስቀመጥ ረስታ ነበር።

"ሰማሁ" አለች። ከዚያ ምስሩን በእኔ መዳፍ ላይ አፍስሳ ወደ ድንኳኑ ከሁሉም ቀድማ ገባች። እዚያው ግቢው መሐል ቆሜ አለቀስኩ፤ ያየኝ ሁሉ ለአዛውንቱ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ።

ከዚያ ወዲያ ያ ቀጭን ተቆጣጣሪ ስመረቅ እንድፈልገው ነግሮኝ ነበርና ፈለግኩት። ዛሬ የምሠራው ያኔ እሱ ይሠራ የነበረውን ነው። ሳጥን ላይ የተጻፈውን አላምንም፤ አንቴናው የሚጨምረውን እደምራለሁ፣ ገመዱ የሚበላውን እቀንሳለሁ። ትንሿ አንቴና አሁንም ታንከሩ ላይ ናት። የድንኳን ገመዱ አርጅቶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ረጅሙ አንቴና የልብስ ማስጫ ሆኗል፤ ዳኛው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ካልሲ ሲሰጣበት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

እናቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት፣ በማለዳ፣ በራሷ አልጋ ላይ ነው። ጡሩምባ ነፊው አሁን በጣም አርጅተዋል፤ ቁልፉን ግን ለማንም አይሰጡም። ቤታችን ገብተው እጄን ያዙኝ፣ መሐረቡን ፈቱ፣ ተጫኑ። ብሎኮቹ ሁሉ ጮኹ። በሮች ሲከፈቱ፣ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ሲወርድ ሰማሁ። ከጠመንጃ ያዥ ሳይቀር አንድ ሰው አልቀረም።

እኔ ግን ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ከአጠገቧ። ከራስጌዋ በላይ የተሰቀለውን ሳጥን መንቀል ማንም ትዝ አላለውም። እንደሁሉም ቤት፣ ከሁሉም እኩል፣ ለእሷም ጮኸ። ልነሳና ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ተውኩት፤ ትስማ ብዬ።